እትብት ያለበት አፈር

ትናንት ከሰዓት ደጀን ላይ... የእማማ ዘነቡን አፈር መልሰን ልናራግፍ ስንደርስ፣ ዱላቸውን በራቸው ላይ አጋድመው ጠበቁን።

«መጀመሪያ እኔ ልየው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ናፍጣ የጠጣ አፈር የሚያጸዳ ኩባንያ ውስጥ ነው። ከእማማ ዘነቡ አጥር ጀርባ ያለ ማደያ ታንከሩ ተበስቶ፣ ናፍጣው በመሬት ውስጥ ሰርጎ ጓሯቸው ገባ። ጌሾው ደረቀ፣ ግቢው ሸተተ። አፈሩን ቆፍረን ወደ ማሽናችን ልንወስድ ስንመጣ ግን እማማ አላስነካም አሉ። የአራት ልጆቻቸው እትብት የተቀበረው እዚያ ጌሾ ሥር ነው።

«ልታቃጥለው ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አናቃጥለውም እማማ። በትንሽ ሙቀት ነው የምናሞቀው። ናፍጣው ተንኖ ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል። አረቄ እንደማውጣት ይበሉት።»

«አረቄው ከወጣ የሚቀረው አተላ አይደለም? አተላ ልትመልስልኝ ነው?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬን አውቃለሁ፣ ዝም አልልም...

«እኛ ዘንድ ቆሻሻው አረቄው ነው፤ አተላው ንጹሕ ነው» አልኳቸው። «ከሌላ ሰው አፈር ጋርም አይቀላቀልም። የራስዎን ነው የምመልስልዎ።»

ትኩር ብለው አዩኝ።

«ያንተስ እትብት የት ነው የተቀበረው?»

«አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው የተወለድኩት... እንጃ።»

«ለዚህ ነዋ የሰው አፈር እየዞርክ የምትቀቅለው» አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

እና ትናንት፣ መኪናው ላይ ያለውን አፈር በዱላቸው ቆሰቆሱት። ዘግነው አሸተቱት። የናፍጣ ሽታ የለም። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«የኔ አይደለም» አሉ። «ስትወስዱት ምልክት ቀብሬበት ነበር። ምልክቴ የለም።»

ለካ ቁፋሮው ሊጀመር ሲል፣ ሳናያቸው የገንቦ ገል አፈሩ ውስጥ ቀብረው ኖሯል። ማሽናችን ደግሞ ከማሞቁ በፊት ድንጋዩንና ስብርባሪውን በወንፊት ለይቶ ያወጣል። ሌላ ጊዜ ትራፊው ይደፋል። የሳቸውን ግን ለብቻው በጆንያ አስቀርቼው ነበር። የራስዎን ካልኩ የራስዎን ነው፣ ድንጋዩም ጭምር።

ጆንያውን እግራቸው ሥር ዘረገፍኩት። ጠጠር፣ የዛገ ማንኪያ፣ የስኒ ስባሪ... ከዚያ እጃቸው አንዲት ጥቁር ገል ላይ ቆመ። መስቀል ተጭሮባታል። አገላብጠው አይተው ቀሚሳቸው ላይ ጠረጓት።

«አራግፉት» አሉ።

አፈሩ ተራግፎ ሲያልቅ ቤት ገብተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ከተወለደች ወር ያልሞላት የልጅ ልጃቸው እትብት ነው። ናፍጣ ውስጥ አልቀብርም ብለው አፈሩ እስኪመለስ አስቀምጠውታል።

ጌሾው በነበረበት ቦታ በዱላቸው ጫፍ ጉድጓድ አበጁና አስገቡት።

«ና፣ አፈሩን አንተ መልስበት» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንባዬ መጣ። በእጄ አፍሼ መለስኩበት።

የኔ እትብት የት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም... የዚያች ልጅ ግን ከጠፋባት እኔን ትጠይቀኝ።