ሦስተኛው ቅጂ

ነርሷ ከሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ስትለቅ ጓደኞቿ የሰጧት ኩባያ ላይ በትልልቅ ፊደል «አይዞሽ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ቅጽል ስሟ ነው። መርፌ ስትወጋ አይዞህ፣ አልጋ ስታነጥፍ አይዞሽ፣ ጥርሱን ላመመው ዘበኛ ሳይቀር አይዞህ። እንዲያውም አንድ ቀን የሕመምተኛ አልጋ ስትገፋ ከግድግዳው ጋር ብታጋጨው፣ ዞር ብላ ግድግዳውን «አይዞህ» ብላዋለች ተብሎ ይወራባታል። እሷም አትክድም። «አላልኩም አልልም» ትላለች።

ያን የምትወደውን ክፍል የለቀቀችው ግን በዚሁ ቃል ምክንያት ነው። ልባቸው ድው ድው እያለ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «ሞትኩ» እያሉ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ሲመረመሩ ልባቸው ጤነኛ ነው። ነርሷ እጃቸውን ይዛ ታጽናናቸዋለች፤ ፊታቸው ይፈታል፤ እያመሰገኑ ይሄዳሉ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሰው፣ ያው ልብ፣ ያው «ሞትኩ»።

«የእኔ ማጽናናት ከግቢው በር አያልፍም ማለት ነው» አለች ለባሏ። «ከበሩ የሚያልፍ ነገር መማር አለብኝ።»

ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። «ተማሪ» አላት። ነገሩን ያበዙት አማቷ ናቸው።

«ነርስ ሆነሽ፣ ዲግሪ ይዘሽ፣ ልጅ ወልደሽ፣ አሁን ደግሞ ደብተር? ምን ሊያስተምሩሽ ነው?»

«ሰው በሐሳቡ ሲታመም በንግግር ማከም ነው፣ እማማ።»

«በወሬ?»

«በጥያቄ።»

«ለጥያቄማ እኔስ ማን ዲግሪ ሰጠኝ!» አሉ። ግን ይህን ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ጡጦዋን እያሞቁ ነበር። ሕፃኗን ማን ይዞ ይውላል የሚለው ጉዳይ በዚያው ተቆረጠ።

ሥልጠናው ለሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጥ የድህረ ምረቃ ትምህርት ነው፤ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይባላል። ሰው የሚያስበው፣ የሚሰማውና የሚያደርገው እንደ ሦስት ጉልቻ ነው፤ አንዱ ሲነቃነቅ ድስቱ አብሮ ይነቃነቃል። ሐኪሙ ድስቱን ደግፎ አይቆምም። የትኛው ጉልቻ እንደተነቃነቀ ሰውየው ራሱ እንዲያይ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም አብረው ይፈትኑታል። ነርሷ ይህን ለመረዳት አልተቸገረችም። የጽሑፍ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፈች። የከበዳት ቅጂው ነው።

እያንዳንዱ ሠልጣኝ በማሠልጠኛው ክሊኒክ ታካሚውን አስፈቅዶ አንድ የሕክምና ሰዓት በመቅረጫ ይቀርጻል። ተቆጣጣሪ መምህርት ያዳምጡታል፤ ያርሙታል። ሦስት ዕድል አለ። አንዱ ካለፈ አለፈ፤ ሦስቱም ከወደቁ ወደ መጡበት መመለስ ነው።

መምህርቷ አጭር፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የቀጠነ ሴት ናቸው። ምንም ቢነገራቸው «እሺ፣ ከዚያስ?» ስለሚሉ ሠልጣኞቹ ከጀርባቸው «ከዚያስ» ነው የሚሏቸው። አንዱ ሠልጣኝማ «ቤቴ ተቃጠለ ብላቸው እንኳ ጭሱን ቁጭ ብለው እያዩ ከዚያስ ይሉኛል» ይላል።

የነርሷ የመጀመሪያ ታካሚ ፈተና የምትፈራ ተማሪ ነበረች። ቅጂው ብዙም ሳይሄድ ተማሪዋ ማልቀስ ጀመረች፤ የነርሷም ድምፅ ተከተለ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት፣ ታልፊያለሽ!» መምህርቷ መቅረጫውን አቆሙት።

«ማለፏን በምን አወቅሽ?»

«እንዲያው… እንዲቀላት ብዬ ነው።»

«የቀለለው ለማን ነው?»

ነርሷ ዐይኗን ወደ መቅረጫው መለሰች።

«ስታለቅስ ማየት ከበደሽ። ስለዚህ ዝም አሰኘሻት። ያጽናናሽው ራስሽን ነው።»

ይህ ነገር ነርሷን እንደ ጥፊ መታት። ቅጂው ወደቀ።

በሁለተኛው ላይ አፏን ለጎመች። ያቺ ቃል እንዳታመልጣት ስትጠነቀቅ ሌላውን ሁሉ ረሳች። ጥያቄዎቿን ከወረቀት እያነበበች፣ ቀና ሳትል፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ታስከትላለች፤ ለዚህ ማስረጃዎ ምንድን ነው? ሌላስ ማስረጃ? ተቃራኒ ማስረጃስ? ታካሚው እንቅልፍ ያጡ ጡረተኛ ናቸው። ታግሰው ታግሰው በመጨረሻ «ልጄ፣ ጠበቃ ልያዝ እንዴ?» አሏት። መምህርቷ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉና ይህንንም ቅጂ ጣሉባት።

«አንድ ቀርቶሻል። እሱም ካልሆነ ወደ ክፍልሽ ተመልሰሽ ጥሩ ነርስ ትሆኛለሽ። አያሳፍርም።»

«ያሳፍራል አላልኩም» አለች ነርሷ፤ «ግን አልመለስም።»

ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አማቷ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አማቷ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር ከተቃቃሩ ቆይተዋል። ሴትዮዋ ወንበር የምትጎትተው እሳቸውን ለማናደድ ነው ይላሉ።

«እማማ፣ ልለማመድብዎት። እርስዎን ለማናደድ እንደሆነ በምን አወቁ?»

«ጆሮ አለኛ!»

«ሌላ ምክንያትስ ሊኖራት አይችልም?»

«አላት። ክፋት።»

ነርሷ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ራሷን ገታችና «ወንበሩ የሚጎተተው መቼ መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች። አማቷ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ጣራውን አዩ። ዝምታው ረዘመ። ነርሷ አላስችል አላት። «እንግዲህ እማማ፣ ምናልባት እኮ…» ብላ ስትጀምር አማቷ እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ አንዴ ዝም በይ፤ እያሰብኩ ነው!»

ነርሷ ዝም አለች። አማቷ ቆይተው፣ እንደ መቆጣት ብለው፣ «ምግብ ሲበላ ነው የሚጎተተው። ብቻ ይህ ማለት ክፉ አይደለችም ማለት አይደለም» አሉ። ያን ቀን ነርሷ ከመጽሐፉ ያላገኘችውን አገኘች። ዝምታ ባዶ አይደለም፤ ሰው በውስጡ ሥራ ይዞ ነው ዝም የሚለው።

ሦስተኛዋ ታካሚ መጋረጃ ሰፊ ነች። ብቻዋን ማሽኗ ላይ ስትቀመጥ እጇ ወርቅ ነው። ሰው ቤት ገብታ መስኮት ስትለካ ባለቤቶቹ ቆመው ካዩዋት ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ምነው፣ በረደሽ እንዴ?» አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት ሄዳ አልለካችም። ታናሽ እህቷን ትልካለች። እህቷ ደግሞ ሜትሩን ከየትም ጀምራ ነው የምትይዘው፤ መጋረጃው አንዱ ቤት መሬት ይጠርጋል፣ ሌላው ቤት ጉልበት ላይ ይቀራል። «ቁምጣ መጋረጃ የምትሰፋዋ» የሚል ስም ወጣላት። ደንበኛ ራቃት።

«እጄን ካዩ ሰካራም ናት ይላሉ» አለች ሰፊዋ። «ከዚያ ይስቃሉ። እኔም እዚያው ዘጭ እላለሁ።»

«እንፈትነዋ» አለች ነርሷ። «የክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ መስኮት ሰፊ ነው፤ ሰውም ሞልቷል። ወንበር ላይ ወጥተሽ ትለኪዋለሽ። እጅሽንም ሆን ብለሽ ታንቀጠቅጪዋለሽ።»

«እኔ የመጣሁት መንቀጥቀጡን ልታቆሚልኝ ነው እኮ፣ ሲስተር!»

«የመጣሽው መስኮት መለካት ስላቃተሽ ነው።»

ሰፊዋ ሜትሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አቀበለቻት። «እሺ። አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ልይሽ።»

ነርሷ ይህን አልጠበቀችም፤ ግን ወደ ኋላ የለም። ነርስነቷ እንዳይታወቅ ነጭ ጋዋኗን አወለቀች። የወረፋ ጠባቂዎቹን ድምፅ መቅረጽ ክልክል ስለሆነ መቅረጫውን መሳቢያ ውስጥ ትታ ወጣች። ከመስኮቱ ሥር ቴሌቪዥን አለ፤ ኳስ ይታያል። ወንበሩ ላይ ስትወጣ እጇን ለማንቀጥቀጥ ማስመሰል አላስፈለጋትም። ሜትሩ አመለጣት። አንዲት ሴት ዐይኗን ከኳሱ ሳትነቅል አንሥታ አቀበለቻት። ነርሷ ለክታ ወረደች። ማንም ምንም አላለም።

ሰፊዋ ወጣች። ሜትሩን ከመስኮቱ ጥግ አስጠጋችና እጇን አንቀጠቀጠችው። የመስኮቱ መስታወት ተንኳኳ። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ባለ ቆዳ ጃኬት ሰውዬ ጮክ ብሎ «ይቺኛዋ ደግሞ ከጧቱ ቀምሳለች መሰለኝ!» አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ።

የሰፊዋ ጆሮ ቀላ። በአንድ እጇ የመስኮቱን ፍሬም ጨብጣ ዞር ብላ ነርሷን አየች።

ነርሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ያቺ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ብትላት ሰፊዋ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲስቅብሽ ነርስ ያስፈልግሻል የሚለውን። ጥርሷን ነከሰች። ዐይኗን ግን አልሰበረችም፤ ሰፊዋን ትክ ብላ አየቻት።

ሰፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሜትሩን እንደገና አስጠጋች።

«ልጄ!» አሉ አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር። «ወደ ግራ ጠጋ በይ፤ ኳሱን ጋርደሽብናል!»

«አንዴ ይታገሡኝ እማማ፣ ቁመቱ ቀርቶኛል» አለች ሰፊዋ።

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ ነርሷ መቅረጫውን ከመሳቢያው አወጣች። ቁልፉን ተጫነችው። ሥልጠናዋ ሁሉ በዚህች ሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከመውጣታችን በፊት ምን ይሆናል ብለሽኝ ነበር?»

«ሰካራም ናት ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ እወድቃለሁ።»

«ምን ሆነ?»

«አሉ። ሳቁም።» ሰፊዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነችና አለቀሰች።

ነርሷ መሐረቡን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ እጇን ሰበሰበች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የመተላለፊያው ኮቴ ብቻ ነው። አንዴ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች፤ መልሳ ገጠመችው።

«የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው» አለች ሰፊዋ በመጨረሻ።

«ሲደርስ ምን አደረግሽ?»

ሰፊዋ ቀና አለች። «ምን አደረግኩ?… ቁመቱን ለካሁ።» የራሷ መልስ ራሷን አስደነቃት። «ደግሞ አልወደቅኩም። አሮጊቷ እኮ እጄን አላዩም! ኳሱን ነው ያዩት! እኔ ይህን ያህል ዘመን ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ እጄን ሲያይ የሚውል መስሎኝ።»

«የሳቀውስ ሰውዬ?»

«እሱ አይቷል።» ትንሽ አሰበች። «ይየው። መጋረጃ ያዘዘኝ እሱ አይደለም።»

መምህርቷ ይህን ቅጂ ያዳመጡት ዐይናቸውን ጨፍነው ነው። ነርሷ ከፊታቸው ተቀምጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣለች። ሰፊዋ ያለቀሰችበት ቦታ ሲደርሱ ድምፅ የለም፤ የመተላለፊያው ኮቴ ብቻ። መምህርቷ አቆሙት።

«እዚህ ጋ ምን እየሠራሽ ነበር?»

«መንገድ እየለቀቅኩላት። እያሰበች ነበር።»

መምህርቷ መልሰው ከፈቱት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ቤቷ ሄዳ የምትሠራውን ልምምድ፣ ሰዓት ሲያልቅብሽ አጣድፈሽ ነው የነገርሻት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ነጥብ ቆርጫለሁ።»

«ልክ ነዎት። ይቁረጡ።»

«አልፈሻል።»

ነርሷ ጠርዙን አልለቀቀችም። «ቀጣዩን ቀጠሮ ከእሷ ጋር ደንበኛዋ ቤት ላድርገው?»

«አልፈሻል እኮ ነው የምልሽ። ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የእኛ እንግዳ መቀበያ መጋረጃ አያስፈልገውም። የምትፈራው መስኮት እዚያ ነው ያለው።»

መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁና አዩዋት። አሁን ግን «ከዚያስ» አላሉም። «ሂጂ» አሉ።

ቤቱ የዚያችው «በረደሽ እንዴ» ያለቻት ደንበኛ ቤት ነው፤ ከደረጃው ጫፍ ላይ። የመረጠችው ሰፊዋ ራሷ ናት። በስምምነታቸው መሠረት ነርሷ ደረጃው ላይ ቀረች፤ ሰፊዋ ብቻዋን አንኳኳች፤ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ነርሷ ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አቆመች። የሚሰማ ነገር የለም። ብትወጣ ምን እላታለሁ ብላ ስታሰላስል የሚመጣላት ሁሉ ማጽናኛ ሆነባት፤ አንድ በአንድ ጣለችው።

በሩ ተከፈተ። ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወረደች።

«ተንቀጠቀጠ?»

«ተንቀጠቀጠ። ሴትዮዋም ያንኑ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልኬን ግን አልስትም አልኳት። የሳሎኑን ስጨርስ የመኝታ ቤቱንም ለኪልኝ አለች።»

ነርሷ ከደረጃው ብድግ አለች። «ሌላም ቤት አለኝ ብለሽኝ ነበር አይደል? መቼ እንገናኝ?»

«አንገናኝም» አለች ሰፊዋ፣ ሜትሩን እየጠቀለለች። «እዚያ ብቻዬን ነው የምሄደው። አንቺ ሌላ ሰው ተቀበይ እንጂ፣ ሲስተር፤ እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

ደረጃውን ቸኩላ ወረደች። ነርሷ የኮቴዋን ድምፅ እስከ ታችኛው በር ድረስ ተከተለችው፤ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋም ሰማች። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ወደ ክሊኒኩ አቀናች። ልቤ ሊቆም ነው የሚል አዲስ ሰው ቀጠሮ አለው።