መርማሪዋ ልትገዛው የነበረው ቤት

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው «መርማሪዋ» እያሉ ነው የሚጠሯት። ዕድሜዋን የሽመና ማሽን ላይ የፈጀች ሴት ናት፤ መጠየቅ ስትጀምር ግን ዓቃቤ ሕግ ታስንቃለች። ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ የሻጩን ዘር ማንዘር ሳትቆጥር አትመለስም። ጡረታ ስትወጣ የተሰጣትን ገንዘብ ይዛ «የሚከራይ ቤት ልግዛ» ስትል፣ ልጇ «እማዬ፣ የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ» ብትላት፣ «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ብላ ዘጋቻት። ሌላ ጥሪት የላትም። ይህ ከጠፋ በስተርጅና የልጇን እጅ ማየቷ ነው፤ እሱን ደግሞ ከሞት አስበልጣ ትፈራዋለች።

ጥያቄዎቿ እንከን አይወጣላቸውም። ቤት ከምታከራይ የቀድሞ ባልደረባዋ ተምራ ነው ያጠናቻቸው። ክፍሎቹ በዓመት ምን ያህል ጊዜ ባዶ ይቀመጣሉ? የፊተኛው ተከራይ ለምን ወጣ? ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቧንቧው ቢፈነዳ፣ ግብሩም ሲከፈል፣ ከኪራዩ ምን ይተርፋል? ደላላውን አንድ በአንድ ጠየቀችው። እሱም አንድ በአንድ መለሰላት። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች «እሺ፣ ገባኝ» አለች።

ምኑ ነው የገባት! ደላላው እንደ ሙያ ጓደኞቹ ሁሉ፣ ሌላ ደላላ እንዳይሰማው ከንፈሩን ሳያላቅቅ የሚያንሾካሹክ ሰው ነው። የእሷ ጆሮ ደግሞ ማሽን ሲጮኽበት ኖሮ ከደከመ ቆይቷል። ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። «ደነቆረች» ከመባል፣ ልጇም እንደ ሕፃን እጇን ይዛ ስትመራት ከመታየት ሞቷን ትመርጣለች። ስለዚህ የሰው ፊት እያየች የቀረውን በግምት ትሞላለች። ያን ሁሉ ስትጠይቅ «ምን አልክ?» የምትል ጥያቄ ብቻ ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ደላላው ሲመልስላት ፈገግ ይል ነበር፤ ፈገግታውን እንደ ደህና መልስ ቆጠረችው።

ቤቱን ወዳዋለች። ገና ስትገባ እግሯ ሥር እንደ ፋብሪካው ወለል የሚርገበገብ ነገር ተሰማትና ልቧ አረፈ። ተከራዮቹም የተናገሩት አንድ ቃል አላመለጣትም። «እንዲህ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የሚደብቀው የለውም» ብላ አመነቻቸው።

ውል የሚፈረም ዕለት ልጇ «እኔም ልየው» ብላ ተከተለቻት። ግቢውን እንደረገጡ ልጅቷ ሁለት ጆሮዋን ያዘች።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናት።

ልጇ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችላት። «እማዬ፣ ይሄ ጩኸት አይሰማሽም?»

መርማሪዋ እጇን የጓሮው ግንብ ላይ አሳረፈች። ግንቡ ይንቀጠቀጣል። ከግንቡ ማዶ፣ በሩ ወደ ሌላኛው መንገድ የዞረ የእንጨት መሰንጠቂያ እንዳለ አሁን ገባት። ተከራዮቹ የሚጮኹት ለካ መጋዙን ለመብለጥ ኖሯል።

«ይሰማኛል እንጂ፤ ምን ችግር አለው?» ብላ ዋሸች። ልጇ ትክ ብላ አየቻት።

ደላላው ቢሮ ሲደርሱ ውሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፣ ሻጩ ተቀምጧል፣ ምስክሮቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። ደላላው እስክሪብቶ አቀበላት። ብትፈርም የዕድሜ ልክ ልፋቷ ያ ግንብ ሥር መቀበሩ ነው። ባትፈርም ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለባት፣ ያውም በልጇ ፊት።

«የፊተኛው ተከራይ ለምን ወጣ?» አለች።

ደላላው ግራ ገባው። ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ እንደ ልማዱም ፈገግ አለ። አንገቷ ሊነቀነቅ ሲል ያዝ አደረገችው።

«አልሰማሁህም» አለች። «ጮክ በል ልጄ። ጆሮዬ አይሰማም። የነገርከኝን ሁሉ አልሰማሁም።»

ምስክሮቹ አቀረቀሩ። ልጇ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ደላላው ብድግ ብሎ ተጠጋት። «እናቴ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መጋዙ ስላላስተኛው ነው የወጣው ብዬ። ክፍሎቹ ግማሽ ዓመት ባዶ ናቸው፣ ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ነው ብዬ። እርስዎ ‹እሺ፣ ገባኝ› አሉኝ።»

ሰውየው አልዋሻትም። ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ ልክ ልኩን ነግራው ይወጣላት ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና ቦርሳዋን አቅፋ ተነሣች። ሻጩ ሲያጉረመርም ቀረ፤ እሱን አለመስማቷ እንኳ ደግ ሆነላት።

መንገድ ላይ ልጇ ከጎኗ እየተራመደች የሆነ ነገር አለቻት። የመኪናው ጫጫታ ዋጠው። መርማሪዋ አንገቷን ልትነቀንቅ ጀምራ ተወችው።

«ምን አልሽ?» አለች።

ልጇ ቆመች፤ ፊት ለፊቷ ዞራ እንደገና ነገረቻት።