አባቴ ግድግዳ ያጠበበት ሰኔ

አባቴ መንዳት ያቆመ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ማንም ተረጋግቶ የተቀመጠ አልነበረም። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ድሮ አሰብ፣ ኋላ በባቲ አድርጎ ጅቡቲ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ሲመላለስ ከሚሴ ያለው ቤታችን ማደሪያው እንጂ መዋያው ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረክቦ መጣና “በቃ፣ ደከመኝ” አለን። ምን ሆንክ ብንለው መልሱ ያው ነው፤ ደከመኝ።

የደከመው ሰው ግን ያርፋል። እሱ ከመደቡ ይነሳል፣ አጥሩ በር ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይነሳል። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ይሰጥና “ማርሹን አዘገየው” ይላል ለራሱ። እናቴ መታገሥ አቃታት።

“ምነው እንደታሰረ በሬ ትዞራለህ? ቁጭ በል እንጂ አቦ!”

“እሺ” ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና በሩ ላይ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሳላገባ ከእነሱ ጋር እየኖርኩ እዚያው ከተማ አስተምር ነበር። ረመዷን ከክረምቱ መግቢያ ጋር የገጠመበት ዓመት ነው። እናቴ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሳሎኑን ቀለም ማስቀባት ፈለገችና ሰፈራችን የሚኖረውን ቀለም ቀቢ አስጠራችው። መጣ፣ ብፌውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገና ከኋላው ጣቱን ጎትቶ አሳየን። ጣቱ ከሰል የነካ ይመስላል።

“እማማ፣ ይህን እንዳለ ብቀባው ሳይከርም እየተላጠ ይወርድብዎታል” አላት። “አሮጌው ኖራ ይፋቅ፣ ጥቀርሻው በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ጥሩኝ።”

“ማጽዳቱን ለእኔ ተዉት” አለ አባቴ ከበሩ ላይ። ቁልፉን ካስረከበ ወዲህ ድምፁ እንዲያ ሲደምቅ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ ንጋት ሱብሂ ሰግዶ እንደመጣ ጀመረ። ሶፋውን፣ ብፌውንና አልጋውን አውጥተን ማንጎው ሥር ደረደርናቸው፣ ላስቲክም አለበስናቸው። ኖራውን በስፓቱላ ሲፍቀው እንደ ቅርፊት እየተቀረፈ ይወርዳል። ከነጩ ሥር ውሃ ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ። አረንጓዴው እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ የነበረው ነው። መብራት ሳይገባ ፋኖስ ይሰቀልበት የነበረው ቦታ ላይ ጥቀርሻው ወደ ኮርኒሱ ሽቅብ የወጣ ጥቁር ጅራት ሠርቷል። ሶፋው የነበረበት ጋ የእንግዳ ሁሉ የራስ ቅባት ተለጥፏል። አባቴ ፍቆ ሲጨርስ በሽቦ ብሩሽ ያራግፋል፣ በዱቄት ሳሙና በስፖንጅ ያሻል፣ በንጹህ ውሃ ያለቀልቃል፣ በጨርቅ ያደርቃል። አቧራው ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ሽማግሌ አስመስሎታል። እሱ ግን ያንጎራጉር ነበር።

ደስ አለን። እናቴም “አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ አገኘ” አለች።

ችግሩ ሥራው አላልቅ ማለቱ ነው። የመጀመሪያውን ግድግዳ አጥቦ ጨረሰና ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሁለተኛውን ሲያጋምስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ቀለም ቀቢው በር ላይ ብቅ ሲል “ገና ነው” ይለዋል። ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሲመጣም “ገና ነው።” ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። እናቴና እኔ ጀሪካን ይዘን ጎረቤት ለጎረቤት እንዞራለን። የቀዳነውን ውሃ ሁሉ ባልዲው ይውጠዋል።

“ከየት ላመጣልህ ነው ቢሻን?” ትላለች እናቴ፤ ስትናደድ ውሃንም እሳትንም በኦሮምኛ ነው የምትጠራው። “ወላሂ፣ የቦርከናን ወንዝ ወደ ሳሎን አዙረህ አስገባው!”

እሱ ማሸቱን ይቀጥላል። እኔ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ኩሽና ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አርማለሁ። ወረቀቱ ላይ አቧራ፣ እንጀራው ላይ አቧራ፣ ጥርሴ ላይ አቧራ። ሙቀቱ ያፍናል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ሳይዘንብ ይበተናል። ነገ የሚዘንብ ከሆነ ዕቃው ደጅ ነው። ጾሙ ደርሷል። ሁላችንም ትንሽ ነገር የምታስጮኸን ሆነናል። ክዳን ሲወድቅ እንኳ እንጣላለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎን ገባሁ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እያሸ ነው። ያ ግድግዳ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ከመታሸቱ ብዛት የልስኑ አሸዋ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ከእሱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ግን ያ የፋኖሱ ጥቁር ጅራት እንዳለ አለ። ሳሙና ነክቶት አያውቅም።

“አባ፣ እዚህ ጋ ቀርቶሃል” አልኩት።

“የት?”

“እዚህ፣ ጥቀርሻው።”

ወደ ድምፄ ዞረና ስፖንጁን አሳረፈው፤ ንጹሑ ላይ።

“እዚህ?”

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መዳፉን ግድግዳው ላይ ዘርግቶ ቀስ ብሎ መዳበስ ጀመረ። ገባኝ። ኖራ ሻካራ ነው፣ በእጅ ይገኛል፤ ሲዳብስ እያገኘ ፍቆታል። ጥቀርሻ ግን ለስላሳ ነው፣ እጅ አይዘውም። እጁ በጥቁሩ ላይ አልፎ ሄደ፣ ጣቶቹ ጠቆሩ፣ አላወቀም።

“አባ፣ አይታይህም እንዴ?”

ስፖንጁ እጁ ውስጥ ይንጠባጠባል።

“ብርሃን ይታየኛል” አለ በመጨረሻ። “በሩን አያለሁ። መስኮቱን አያለሁ። አንቺን ጥላሽን አያለሁ፣ ፊትሽን ግን… ጉም አለበት።”

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበትና ነገረኝ። በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን ከብት አስፋልቱን ያቋርጣል። እሱ መንገዱ ነጻ መስሎት ይነዳል። ረዳቱ “ከብት! ከብት!” ብሎ ሲጮህ ነው ፍሬን የረገጠው። መኪናው የቆመው አንዲት ላም ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር።

“ከብቱን የሚነዳው ሰው ኮፈኑን በዱላው መታና ሰደበኝ” አለኝ። “ፊቱን እንኳ አላየሁትም። ሰው ቢሆንስ ኖሮ? በማግስቱ ቁልፉን ሰጠኋቸው።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከንም?”

“ነግሬያችሁስ? እጄን ይዛችሁ መስጊድ ልታደርሱኝ?” ተነስቶ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “ይሄ ሲያልቅ ነገ ምን ብዬ ነው የምነሳው? እስቲ ንገሪኝ።”

እንዲህ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበር።

“ለእናትሽ እንዳትነግሪያት” አለ።

“ማልቱ? ምኑን እንዳትነግረኝ?” አለች እናቴ። ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደሰማች አላውቅም፤ ግን መስማትም አላስፈለጋትም ነበር። ጀሪካኗን አስቀመጠች።

“ሻይ ስሰጥህ ብርጭቆውን በጣትህ ፈልገህ ስታገኘው የማላይ መሰለህ? ጫማህን አዟዙረህ አጥልቀህ ስትወጣ የማላይ መሰለህ?”

“አውቀሽ ነው እንዴ ዝም ያልሽው?”

“አንተ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። አንተ ደግሞ ግድግዳ ታጥባለህ!” ድምጿ ተሰበረና ወዲያው ተመልሶ ጠነከረ። “ይሄ ሳሎን ያልቃል። ዒድ ሲያልፍ ደሴ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። አለቀ።”

ዝናቡ የመጣው ይህን ተነጋግረን ሳንጨርስ ነው። ሦስታችንም እየሮጥን ወጣን። ሶፋውን አባቴ በአንድ ወገን እኔ በሌላ ወገን ይዘን ስንገባ “ወደ ቀኝ! ደፉ ላይ ነህ!” እያልኩ ጮህኩ። እሱ ሳይሰናከል ገባ። እርጥብ ሳሎን ውስጥ እርጥብ ዕቃ መሐል ቆመን እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እኛም።

በማግስቱ ሥራው ሌላ መልክ ያዘ። እሱ ስፖንጁን ይይዛል፣ እኔ ከኋላው እቆማለሁ።

“ወደ ግራ። ትንሽ ከፍ። እዚያው እሸው።”

“እንዲህ አይደለም” አለኝ። “ረዳት እንዲህ አይናገርም። መኪና ወደ ኋላ ስታስገቢ አላየሽም? ‘ና፣ ና፣ ና፣ ሰበር አርግ፣ ቁም!’ ነው የሚባለው።”

“ና፣ ና፣ ና!” አልኩት። ስፖንጁ የፋኖሱን ጥቀርሻ ሲያገኝ “ቁም!” ብዬ ስጮህ እናቴ ከኩሽና ምን መጣ ብላ ሮጣ ወጣች። ጥቁሩ ውሃ በክንዱ ቁልቁል ወረደ። የቀረውን ኖራ እናቴ ፋቀችው፣ የምስማር ቀዳዳዎቹን እኔ በስቱኮ ደፈንኩ፤ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ዝናቡ በየቀኑ እየመጣ ግድግዳው አልደርቅ አለን። ጾሙ የገባው ሳሎኑ ራቁቱን እንዳለ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቀለም ቀቢው መጥቶ ጣቱን ጎተተ፣ አየው፣ “አሁን ይይዛል” አለ፤ ቀባውም።

ከዒድ በኋላ ደሴ ሄድን። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። አንዱን ዓይን ቀደዱለት፣ ሌላው ግን ከሞራው ሌላም ሕመም ስላለበት ብዙ ተስፋ እንዳናደርግ ነገረን። በአንድ ዓይን ወደ መንዳት እንደማይመለስ አባቴ ሳይነገረው አውቆታል። ፋሻው ሲፈታ እናቴን ብዙ አያትና “ከስተሻል” አላት። እሷ ደግሞ “በማን ምክንያት?” አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ይዞ ተቀመጠ። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ያገኘውን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሻይ ቤቱን፣ የጎሚስታውን፣ የመድኃኒት ቤቱን። ሰዎች ዞረው ያዩታል። እናቴ “ቀስ በል” ትለዋለች። ሐርቡ ላይ ለመንገደኛ ስንቆም ዘሎ ወረደ። አውቶቡሱን ዞረውና ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደ።

“ወንድሜ፣ የኋላ ግራ ጎማህ ንፋስ ጎድሎታል።”

ሾፌሩ አንዱ ዓይኑ ገና ያበጠውን ሽማግሌ ላይ ታች አየው። “በምን አወቁ አባባ?”

“አይቼው” አለ አባቴ።

ሾፌሩ እያጉረመረመ ወረደ። ሁለቱ ጎማው ላይ ጎንበስ ብለው ሲነጋገሩ እናቴ መስኮቱን ከፍታ ጮኸችበት፤ “ና ግባ እንጂ፣ ጥለውህ ይሄዳሉ!”