ስታርች የጠጣ ልብ ወለድ

አቻምየለሽ ከምዕራፍ ሁለት ዝናቡን ቀድታ ምዕራፍ ዘጠኝ ውስጥ ለጠፈችው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቃላት። «ከባድ» የሚለውን «ኃይለኛ» አደረገችው፤ የቆርቆሮውን ድምፅ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አመጣችውና ስክሪኑ ግርጌ ያለውን ቁጥር አየች። አርባ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ።

ሰኔ ሠላሳ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሃምሳ ሺህ ካልሞላች የወሩ ድካም ገደል ገባ።

የጽሑፍ ውድድሩን የቴሌግራም ቡድን የከፈተው ብሩህ የሚባል፣ እንደ እሷ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ ከሰኔ አንድ እስከ ሰኔ ሠላሳ ልብ ወለድ መጻፍ፣ በየቀኑ የቃላቱን ቁጥር ቡድኑ ላይ ማሳወቅ። ሃምሳ ሺህ የሞላ ሰው ጽሑፉ ለአንድ አሳታሚ ይላክለታል። አሳታሚው ያነበዋል።

አቻምየለሽን የሳባት ይኸው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሳለች ጀምሮ በደብተር ስትጽፍ ኖራለች፤ ደብተሮቹም ፍራሽ ሥር ናቸው። ልጇ ሊዲያ አንዱን ገልጣ «ደስ ይላል እማ» ብላ ወደ ስልኳ ተመልሳለች። ነገሩን የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነብላት ትፈልጋለች። ከዚህ ሌላ የምትፈልገው የላትም።

ልብ ወለዷ ማሽን ጣቶቿን ስለቆረጠባት የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነው። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ሴትዮዋ ከሐኪም ቤት ወጥታ ፋብሪካው በር ላይ ቆመች፤ ዘበኛው መታወቂያ ጠየቃት፤ ታሪኩ አለቀ። ሃያ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቃላት። አቻምየለሽ የሚጨመር ነገር ፈለገች፤ አጣች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ቀናት ዘበኛው አያት አበቀለ፤ አያትየው ሕልም አየ፤ ሕልሙ ሦስት ምዕራፍ ሆነ።

ስልኳ ጮኸ። ተስፋሚካኤል የሚባለው ተወዳዳሪ ቁጥሩን ለጥፏል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ። ሥሩ የእሳት ምልክት ደርድሯል። ብሩህ «አንበሳ!» ብሎ መለሰ፤ ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ወረቀት ላይ አሰላችው። በቀን አሥራ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ። ስድስት ሰዓት ይተኛ ብንለው፣ ሳይበላ፣ ሳይታጠብ፣ ውጭ ሳይወጣ፣ በየደቂቃው ከአሥራ ሁለት ቃል በላይ። ይቻላል፤ ጣት ላለው ሰው መተየብ ይቻላል። መቼ እንደሚያስብ ነው ያልገባት። የፋብሪካው የቆየ የማሽን ዘይት የሸተታት መሰላት።

በሩ ተንኳኳ። አደሴ ናት፤ ከአቃቂ በሰቃ ሰፈር አራት ፎቅ ልትወጣ የመጣች የፋብሪካ ጓደኛዋ። በዘመኗ ብቻዋን አራት ማሽን ታዞር ነበር። አሁን ደረጃው ብቻውን ያስቀምጣታል።

«ሊፍት የሌለበት ፎቅ ቤት የደረሰው ሰው ዘመድ አትምጡብኝ ማለቱ ነው» አለች፣ ወንበሩ ላይ እየወደቀች። «ዛሬም ከዚህ ሳጥን ጋር ነሽ?»

«ዛሬ ያልቃል።»

«በይ አንብቢልኝ። ባለፈው የጀመርሽልኝ ጥሩ ነበር። ያቺ ጣቷን ያጣችው ምን ሆነች?»

አቻምየለሽ ከምዕራፍ ዘጠኝ ጀመረች። አንድ ገጽ ሳትጨርስ አደሴ እጇን አነሣች።

«ቆይ። ይሄ ዝናብ ባለፈው ዘንቦ አልነበር እንዴ?»

«ሌላ ዝናብ ነው።»

«ውሸታም። ቆርቆሮው ያው ነው፤ የምትሮጠዋም ዶሮ ያቺው ናት።»

አቻምየለሽ ዶሮዋን ረስታት ነበር።

«ሃምሳ ሺህ መሙላት አለብኝ» አለች። «ካልሞላ አያነቡልኝም።»

«ኧረ በይ ሰኔ ሠላሳ ነው በይኛ!» አደሴ እስክታነባ ሳቀች። «ዕቅድ ልታሟዪ ነው!»

አቻምየለሽ አልሳቀችም። እሷ ሃያ ሰባት ዓመት የጨርቅ መርማሪ ነበረች። ከሥሩ መብራት በበራ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ ቆማ ታያለች፤ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ስታገኝ በጠመኔ ታከብበታለች። ዓመቱን ሙሉ ጠመኔዋን የሚከራከር አልነበረም። ሰኔ ሲገባ ግን የዕቅዱ ሜትር መሙላት ነበረበት። ያን ጊዜ የማሽኑ ጥርስ ይቀየርና በየሜትሩ የሚገባው ክር ያንሳል፤ ክሩ ሲያንስ ጨርቁ በፍጥነት ይረዝማል። ከዚያ ስታርች ያጠጡታል። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከደህናው ጨርቅ ይልቅ እሱ ደህና ይመስላል።

አንድ ሰኔ የክፍሉ ኃላፊ መብራቱን ራሱ አጠፋውና «አንድ ቀን ነው፤ አትዪው» አላት። አላየችም። ሁለት ሺህ ሜትር አቡጀዴ አሳለፈች። ነሐሴ ላይ ከሠራተኛው ሱቅ ለሊዲያ አንሶላ ብላ አቡጀዴ ገዛች፤ በመጀመሪያው እጥበት ስታርቹ ከውኃው ጋር ሄደ። በእጇ የቀረው ወንፊት ነበር። ልጅቷ የተኛችበት ዕለት በእግሯ ቀድዳው ወጣች። አቻምየለሽ ጠርዙ ላይ የታተመውን የመርማሪ ቁጥር ተመለከተች፤ የራሷ ነው፤ ከራሷ ጠረጴዛ ያለፈ ጨርቅ ነው።

ስልኩን አነሣችና ቡድኑ ላይ ጻፈች። «ተስፋሚካኤል፣ እንኳን ደስ ያለህ። ከመሃል አንድ ገጽ ለጥፍልን፤ የወደድከውን።»

መልሱ ቶሎ መጣ። «ኧረ እትዬ፣ እኔም ገና አላነበብኩትም 😂»

ብሩህ ተከተለ። «እትዬ አቻምየለሽ፣ ውድድሩ የመጻፍ እንጂ የማንበብ አይደለም። አይዞዎት፣ ትንሽ ነው የቀረዎት!»

«ምን አሉሽ?» አለች አደሴ።

«የጻፈው ራሱ አላነበበውም።»

«ታዲያ ማን ሊያነበው ነው? እናቱ?»

አቻምየለሽ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ጠመኔ አልነበራትም፤ የማጥፊያው ቁልፍ ነበር። የዘበኛውን አያት አወጣችው። ሕልሙን አወጣችው፤ ሦስቱንም ምዕራፍ። የምዕራፍ ዘጠኙ ዝናብ ሲወጣ ዶሮዋ አብራ ሄደች። ሰዎች ሰላም የሚባባሉበት፣ ሻይ የሚያዙበት፣ ሻዩ የሚመጣበት፣ ስለ ሻዩ የሚያወሩበት አርባ መስመር ነበር፤ ስታነበው ምራቋ መረራት። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ ወይ አለች በሆዷ። ራሷ ናት፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ቁጥሩን እያየች።

አደሴ ከስክሪኑ ግርጌ ቁጥሩ ሲወርድ አየችና ደነገጠች። «አንቺ! ሦስት ሺህ ብቻ ነበር እኮ የቀረሽ! ሞልተሽ ላኪው፤ ካነበቡልሽ በኋላ ታወጪዋለሽ።»

«ያኔም እንደዚህ ነው ያልነው።»

«ያኔ ደመወዝ ነበር፤ ዕቅድ ነበር። ይሄ ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ለምን እሰርቃለሁ?»

አደሴ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች። «ላንቺ ብዬ ነው» አለች። «ሰው እንዲያነብልሽ ትፈልጊ ነበር።»

«እፈልጋለሁ። ይሄንን ግን አይደለም።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሰች። ሃያ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ቁጥሩን ቡድኑ ላይ አሳወቀች።

ብሩህ ለብቻዋ ጻፈላት። «እትዬ፣ የተሳሳቱ መሰለኝ። ትናንት አርባ አራት ሺህ ነበሩ።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንግዲያውስ አልጨረሱም ማለት ነው። ደንቡ ነው፣ ይቅርታ።»

«ጨርሻለሁ። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን ነው የጨረስኩት።»

አደሴ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። «በይ ያቺን ሴትዮ ከሐኪም ቤቱ ጀምሪልኝ» አለች። አቻምየለሽ አነበበችላት። ዘበኛው መታወቂያ ሲጠይቅ አደሴ አማርኛ ትታ በኦሮምኛ ሰደበችው፤ ከዚያ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ወረደች።

ለአሳታሚው አሥራ ሰባት ልብ ወለዶች ተላኩ፤ የአቻምየለሽ አልነበረበትም። በሚቀጥለው ዓመት ውድድሩ ሲከፈት ዝቅተኛው ቁጥር ሰባ አምስት ሺህ ተደረገ።