ያለ ሰማያዊ የተሣለ ባሕር

በሃምሳዎቹ ማብቂያ ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ስማር፣ የጂኦግራፊ መምህራችን ከምጽዋ የመጣ የታተመ ሥዕል አሳዩን። የባሕር ኃይል መርከብ ነው፤ መርከበኞቹ በጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ደብተሬ ላይ ስሞነጫጭር ብዙ ጊዜ አይተውኛልና አስቀርተው አነጋገሩኝ።

"ይህን በዘይት ቀለም አሳድገሽ ሣይው። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ስሄድ ለሥዕል ትምህርት ቤቱ አሳይልሻለሁ። ከወደዱት ይቀበሉሻል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ቀለም ያለው የእናቴ ወንድም ዘንድ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ዘመድ ብሆንም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸው ነበር። አቡጀዲ ወጥረው ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫና የሸክላ ቀይ ሰጡኝ። የታተመውን ሥዕል አይተው ግን ሰማያዊውን ከለከሉኝ።

"እሱ የእመቤታችን ልብስ ነው። ለብረት ድስት አይሆንም።"

"መርከብ ነው፣ የኔታ።"

"መርከብስ የኖኅ ነበር። ደግሞ እኒህ ሰዎች ምነው አንድ ዓይን ብቻ ኖራቸው? በኛ ሥዕል በጎን የሚሣል ሰይጣንና ከሓዲ ነው።"

"ዞረው ነው እንጂ ሁለት ዓይን አላቸው።"

"አንች ቆጥረሽላቸዋል?" ብለው ሳቁ።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ያየሁት ትልቅ ውሃ ክረምት ላይ የሚሞላው የላህ ወንዝ ነው፤ እሱም ጭቃ ይመስላል። ብዙ ቀን ተቸገርኩ። በኋላ ጥቁርና ነጩን ደባልቄ ከቀዩ አጠገብ ስቀባው ሰማያዊ መስሎ ታየኝ። ቢጫ ጠብ ሳደርግበት ወደ አረንጓዴ ሄደ። የኔታ ቀረብ ብለው አዩና፣ "ሰማያዊ ሰርቀሻል" አሉ። ሣጥናቸውን ከፍተው እስኪያዩ አላመኑኝም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ቀለሙ የተበጠበጠበት የተልባ ዘይት ቶሎ አይደርቅም። የተከራየሁት ቤት ጢስ ስለሚበዛበት ሥዕሉን እሳቸው ዘንድ ትቼ ለፋሲካ ቡሬ ወላጆቼ ጋ ሄድኩ። ስመለስ ቦታው ባዶ ነው።

"የኔታ፣ ሥዕሉስ?"

"ለአውራጃ ገዥው አበረከትኩት። እጅግ ወደዱት።"

ልጃቸው በገዥው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንዲሆን ደጅ ሲጠኑ መክረማቸውን አውቅ ነበር።

ለመምህሩ ነገርኳቸው። "ለምነን እናስመልሰዋለን" ብለው ወደ ገዥው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ሥዕሉ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተሰቅሏል። ከመርከቡ ሥር፣ እኔ በሣልኩት ውሃ ላይ፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ተጋድሟል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠራው ሰው ከግርጌ እንደሚሣለው ማለት ነው። ገዥው ናቸው። ስማቸውም በቁም ጽሕፈት ተጽፏል። የካባቸው ጥለት በዚያ በተከለከልኩት ሰማያዊ ተቀብቷል።

መምህሩ ሥዕሉን አዩ፤ ገዥውን አዩ።

"እጅግ ያማረ ነው፣ ጌታዬ" አሉና ተቀመጡ። ልመናው አልተነሣም።

ስንወጣ "ሌላ ሣይ" አሉኝ።

"እስከ ሰኔ አይደርቅም።"

"እንግዲያ ለከርሞ ይሁን።"

ለከርሞ እሳቸው ተዛውረው ሄዱ።

ያን ዕለት ከገዥው ቤት በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄጄ፣ ለምን ሳይነግሩኝ እንደሰጡት ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ሠዓሊ ስሙን አይጽፍም። እኔስ ስንት ቤተ ክርስቲያን ሥዬ ስሜን የት አየሽው?"

"ስሜ እንዲጻፍ አልጠየቅሁም፣ የኔታ። መሄድ ነበር የፈለግሁት። እርስዎም ያውቁ ነበር።"

እንደ ወትሮው እንዳጥብላቸው ብሩሾቹን ዘረጉልኝ። ተቀብዬ አጠብኩ፤ አድርቄ በቦታቸው አስቀመጥኩና ወጣሁ። ልጃቸው በሐምሌ ገዥው መሥሪያ ቤት ሥራ ገባ። እኔ ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓል ካልሆነ በቀር ደጃቸውን አልረገጥኩም፤ ለበዓልም ስሄድ የምቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነበር።