የበርበሬው መጋዘን ዘፋኝ

ወደ መጋዘኑ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ነገር የለም። አስነጠሰኝ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ ዓይኔ አነባ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሳቅ ብሎ «ይማርህ» አለኝ። «እዚህ ቤት ሁሉም አልቅሶ ነው የሚገባው።»

ቤቱ ከመወረሱ በፊት የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ነበር። ቀበሌው በርበሬውን ወሰደና ዱቄቱን ለኛ ለእስረኞቹ ተወልን። ንፋስ ስልክ ያኔ ፋብሪካና ሜዳ ነበረች፤ ከለቡ በኩል የሚመጣው ነፋስ በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ ከግድግዳው ላይ ቀይ አቧራ ያራግፍብናል።

የሳቀው ሰው እርጥብ መሐረብ ሰጠኝ። «አፍንጫህ ላይ አድርገው። በአፍህ እንዳትተነፍስ፣ ጉሮሮ ይበላል።» አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። እዚያ ሁሉ ቆሻሻ መሐል የሸሚዙ ኮሌታ እስከ ላይ ተቆልፏል።

የጃዝ ዘፋኝ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ጃዝም ጽፌ አውቃለሁ። በድብቅ በምናባዛው ወረቀት ላይ «የበሰበሰው ከበርቴ የምሽት ማደንዘዣ» ብዬዋለሁ። አንድም የጃዝ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያ ግን በዚያ ዘመን ከመጻፍ አያግድም። ዛሬም አያግድም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ መዳፉን ጉሮሮው ላይ አድርጎ፣ አንድ ድምፅ በቀስታ ይስባል። በየቀኑ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ይሰበር ጀመር። «ሌላ አንድ ወር እዚህ ከቆየሁ አለቀልኝ» አለኝ። «ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ከንፈሩ ቢላጥ ይድናል። ይሄ አይድንም።»

በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሞ ጠራው። «የአብዮት በዓል ደርሷል። የኪነት ቡድናችን ጩኸት ብቻ ነው። ውጣና አሠልጥናቸው፣ ፊት ሆነህ ዝፈን፣ ከዚያ ቤትህ ትገባለህ። እስከ ነገ አስብበት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ማሰብ አያስፈልገውም። እኛ ግን ሕግ ነበረን። የታሰርንበት መንግሥት አልበቃ ብሎን፣ እኛ ወጣቶቹ እስረኞች እዚያው ውስጥ ሌላ መንግሥት አቋቁመን ነበር፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሂስና ግለ ሂስ። ከቀበሌው ጋር እንዲሠራ የተጠየቀ ሰው ጉዳዩን ለስብሰባ ያቀርባል፣ ድምፅ ይሰጥበታል። ውሳኔውን ጥሶ የወጣ ሰው ስሙ ውጭ ላሉት ጓዶች ይላካል። ስም መላክ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ጮክ ብለን አንለውም።

ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። እስከዚያን ቀን «ጋሼ» እለው የነበረውን ሰው፣ ስብሰባው ሲከፈት «አንተ» አልኩት።

«የት ጀመርክ?»

«በጦር ኦርኬስትራ። ጥሩንባ ነፊ ነበርኩ። ዘፋኛችን ሰክሮ የቀረ ቀን አለቃዬ ‹አንተ ዝፈን› አለኝ። ትእዛዝ ነው፣ ዘፈንኩ።»

«ጃዙስ?»

«ከሸክላ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛ አላውቅም። የሰማሁትን በኛው ፊደል ደብተር ላይ እየጻፍኩ አጠናሁት። ሆቴል ስዘፍን ፈረንጆቹ ያለቅሳሉ፤ ለምን እንደሚያለቅሱ ግን አላውቅም። በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሥራዬም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ የቤት ለቤት አሰሳ መጣና ደብተሩን አገኙት። ፊደሉ አማርኛ ነው፣ ነገሩ አማርኛ አይደለም። የሚስጥር ኮድ ነው ተባለ። ይኸው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁን በቃለ ጉባኤው አላሰፈርኩትም።

«ለየትኛው መደብ ነበር የምትዘፍነው?»

«ለተቀመጠው። የቆሙም ነበሩ፣ አስተናጋጆቹ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የታክሲ ሹፌር «ኧረ ተዉት» አሉ። «ሰውየው የተጠራው ለዘፈን ነው፣ ነፍስ ለማጥፋት አይደለም። ጉሮሮውን ይዞ ይውጣ።»

እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ። ረጅም ነበር፤ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ያልጠቀስኩት የገጽ ቁጥራቸውን ብቻ ነው። በመጨረሻ «ድምፅህ የሕዝብ ነው» አልኩት።

«የሕዝብ ከሆነ፣ ሕዝቡ በርበሬ ባያበላው ጥሩ ነበር» አለ።

እጅ ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ። የቀረው የእኔ እጅ ነበር። እንዳይዘፍን ብዬ እጄን አወጣሁ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ሲመጣ ዘፋኙ ፀጉሩን በውሃ አበጠረ፣ ኮሌታውን ቆለፈና በሩ ጋ ሄደ።

«እሺ፣ ምን ወሰንክ?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«እስኪሻልህ እንጠብቅሃለን።»

«አይሻለኝም።»

«ጓዶቼ ከለከሉኝ» ቢል ኖሮ በዚያው ቀን ሁላችንም ተጠርተን እንገረፍ ነበር። አላለም። ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠና መሐረቡ ደርቆብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከወር በኋላ የጠዋቱን ነገር ተወው። ከዚያ ወዲህ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚያወራው።

በጋው ሲጋመስ አባቴ ሰው አስለምኖ ኖሮ፣ የይቅርታ ወረቀት አቀረቡልኝ። ስሕተቴን አምኜ፣ አብዮቱን ለማገልገል ቃል ገብቼ ፈረምኩ። ስብሰባ አልተጠራም። ድምፅም አልተሰጠም። ጸሐፊው እኔ ስለነበርኩ የሚጠራው ሰው አልነበረም።

ስወጣ ከወጣቶቹ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እሱ ብቻ ተነሣና የኮቴን ኮሌታ አስተካከለልኝ። መሐረቡን ስመልስለት «ያዘው» አለኝ፣ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «እኔ የምጠብቀው ጉሮሮ የለኝም።» እንደ ስድብ ሊለው ይችል ነበር። ያለው ግን ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ነው።

እሱም በኋላ ተፈታ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ የመጋዘን ጠባቂ ካፖርት ለብሶ አየሁት። ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ሁለተኛ አላየሁትም።

መጋዘኑ ዛሬ የሴራሚክ መሸጫ ነው። ጃዝም ተከብሯል፤ ያኔ አብረውኝ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች ዛሬ ሆቴል ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። ባለፈው ሰሞን የድሮ ሸክላ የሚያሰባስብ ወጣት ጀሞ ድረስ፣ ቤቴ መጣ። የዘፋኙን አንድም ቅጂ አላገኘም። አብሬው መታሰሬን ሰምቷል።

«ድምፁ እንዴት ያለ ነበር፣ ጋሼ?» አለኝ፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

ቃል አያጥረኝም፤ ስላልሰማሁት ነገር መጻፍ ሥራዬ ሆኖ ነው የኖርኩት። መሳቢያው ውስጥ ያለው መሐረብ ትዝ አለኝ። ታጥቦ ታጥቦ የበርበሬው ሽታ ከለቀቀው ቆይቷል።

«አላውቅም» አልኩት። «እኔ ያኔ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።»