አራት የኮት ቁልፍ

ልብስ ሰፊው ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ባትጠይቁትም ራሱ ይነግራችኋል። ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚጫወተው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም በገንዘብ ሳይሆን በልብስ ቁልፍ። የሸሚዝ ቁልፍ አንድ፣ የኮት ቁልፍ አምስት ይቆጠራል። የተበላ ቁልፍ አይመለስም፤ «አለዚያ ሰው በምን ጠባይ ይማራል?» ባይ ነው። በዚህ የተነሳ ግማሹ ደንበኛ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ለብሶ ይሄዳል።

የካርታ ተማሪው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«ስማ ወንድሜ፣» ይለዋል በየቀኑ፣ «ሁለት ካርታ በእጅህ፣ አምስት ጠረጴዛው ላይ። ከሰባቱ ጥሩ አምስት ታወጣለህ። ካልረባህ ቶሎ ጣል። ስትበላ አትናደድ። ለማስመለስ ብለህ አትጨምር። ሰዓትህ ሲደርስ ተነስ።»

«እሺ ጋሼ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። ለምክርማ ልብስ ሰፊውን ማን ብሎት!

ያን ሰሞን የልብስ ሰፊው ሴት ልጅ ልትመረቅ ነበር። «አባባ፣ ኮቴን አንተ ስፋልኝ» ካለችው ወር ሆኖታል። ደንበኛን ዛሬ ነገ እያለ የሚያመላልስ ሰው፣ ለእሷ ግን ማለ፣ ተገዘተ። እውነትም ሰፋው፤ ዓይን የሚገባ ኮት። በምርቃቱ ቀን የቀረው አራት ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር። ልጁ እስክትመጣ ሰዓት አለ ብሎ ካርታውን አወጣ።

ተበላ። ተናደደ። ለማስመለስ ጨመረ። ሰዓቱ ደረሰ፤ አልተነሳም። የሸሚዝ ቁልፉ ሲያልቅ ሦስት ንግሥት ገጠሙለትና አራቱን የኮት ቁልፎች ወደ መሃል ገፋ። ፀጉር አስተካካዩ ከአምስት እስከ ዘጠኝ በተከታታይ ዘረጋበት፤ አምስት ተከታታይ ደግሞ ሦስት ንግሥትን ይበላል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሕጉ የእርስዎ ነው» አለና ቁልፎቹን ኪሱ ከቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ልብስ ሰፊው አራት የሚመሳሰል ቁልፍ ፍለጋ ሣጥኑን ሁሉ ሲያተራምስ ልጁ ገባች። የሱቅ ኮት ለብሳለች።

«መቼ ገዛሽው?»

«ስፋልኝ ባልኩህ ማግስት። ቅር እንዳይልህ አባባ። በል ተነስ፣ እንዳይረፍድብን።»

ብትቆጣው በተሻለው ነበር። ሱቁን ሲቆልፍ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«ትከሻው ሰፍቶሻል» አላት መንገድ ላይ። «ነገ ላጥብብልሽ?»

ልጅቱ ሳቀች። በሳቋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ አንጀቱን የቆረጠውም ይኸው ነው።